ቆመው ድሬዳዋ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች

ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቃችሁ ሥራ ካላገኛችሁ ሥራ ፈታችሁ ማለት አይደለም። ሥራውማ ሞልቷል፣ የሌለው ደመወዙ ነው። እኔ ከተመረቅኩ ጀምሮ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ውስጥ፣ የተቃጠለ ምድጃ፣ የቀለጠ ዲቫይደር፣ "ገመዱን እንዲህ ጠምዘዝ ሲያደርጉት የሚሠራ" ቻርጀር በሙሉ እኛ ቤት ነው የሚመጣው። አንዷ ጎረቤታችን የውሃ ማፍያዋን ይዛ መጥታ "ኢንጂነር አይደለሽ? በዚያው ውስጡንም ፈግፍጊልኝ" ብላኛለች። ፈግፍጌላታለሁ።

ስለዚህ አባዬ ረቡዕ ዕለት "ኢንጂነሯ፣ ነይ እስቲ" ሲለኝ ፊውዝ መስሎኝ ነበር። ፊውዝ በሆነ።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በድሮው ባቡር ላይ፣ ከለገሀር ድሬዳዋ፣ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ሲሰናበት የሥራ ባልደረቦቹ ከጅቡቲ የመጣ ትንሽ ባቡር ሸለሙት። አንድ ጎታች መኪናና ሦስት ፉርጎ ነው፤ አንዱ ፉርጎ ከክንዴ ያጥራል። ሳሎን ቡፌው ላይ፣ የእማዬ ዳንቴል ላይ ቆሟል። የትም ሄዶ አያውቅም፤ ሐዲዱ የባቡሩን ያህል ብቻ ስለሆነ የት ይሄዳል? ልጅ ሆኜ አንዴ "አሻንጉሊቱ" ብዬው አባዬ ለሳምንት አኩርፎኛል።

"ባዶ ነው" አለኝ፣ ወደ ቡፌው እየጠቆመ።

"ምኑ?"

"ባቡሩ ነዋ። ሰው የለበትም። መብራት የለበትም። እሁድ የባቡር ሰው መጥቶ ይሄን ቢያይ ምን ይለኛል?"

"አባዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ባዶ ነበር እኮ።"

"ስንት ዓመት ሙሉ የባቡር ሰው አልመጣም።"

እሁድ የሚመጣው ሽማግሌ ነው። እህቴን ማህሌትን ሊጠይቁ። ልጁ ናቲ ይባላል፣ ዲጂታል ማርኬቲንግ ነው የሚሠራው፤ ይሄንን ለአባዬ ማስረዳት አቅቶን ትተነዋል። "ምንድን ነው የሚሸጠው?" ይላል። "ማስታወቂያ" እንለዋለን። "ማስታወቂያ ይለጠፋል እንጂ ይሸጣል እንዴ?" ይላል። በዚህ ምክንያት ሽማግሌዎቹን ለማመላለስ ወስኗል። "በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም" አለን። "እስከ መቼ ነው የምታመላልሳቸው?" ስለው "እስኪደክማቸው" አለኝ። እሱ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰ ሰው ነው፤ መመላለስ ሲባል ምን እንደሚታየው አስቡት።

እዚህ ላይ አልዋሻችሁም። የዚህን ጋብቻ ነገር ከእህቴም ከናቲም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ አንዱ የእናትና የአባቴ፣ አንዱ የኔና የማሂ። ማሂ ልቧ ንጹሕ ነው፤ ስትተኛ ግን ትራገጣለች። እሷ ካገባች ክፍሉ የኔ ይሆናል። ጠረጴዛ አስገባለሁ። በር እዘጋለሁ። በር ዘግቼ አላውቅም፤ ደስ እንደሚል ሰዎች ሲያወሩ ነው የምሰማው።

ታዲያ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የናቲ አጎት፣ ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ የሠሩ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሰውዬ መሆናቸው ሲሰማ አባዬ ተለወጠ። ጢሙን ተላጨ። ሂሳቤ ቀላል ነበር፤ ባቡሩ ካማረ አባዬ ደስ ይለዋል፣ ደስ ካለው ይለሰልሳል፣ ከለሰለሰ ማሂ ትሄዳለች። "እሠራልሃለሁ" አልኩት።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የመኪና ጌጥ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁና እንደ ፕላስተር የሚለጠፈውን የኤልኢዲ መብራት ጠየቅኩ። ሻጩ "ለቤት ነው ለመኪና?" አለኝ።

"ለባቡር።"

ትክ ብሎ አየኝ። "የባቡር አልቋል፤ የሚኒባስ አለ።"

የሚኒባሱን ወሰድኩ።

የፉርጎው ጣሪያ ከላይ ተነክሶ ነው የተገጠመው፤ በእማዬ የእንግዳ ቢላ ቀስ እያልኩ ፈለቀቅኩት። እማዬ "ያ ቢላ ለእሁድ ነው የተቀመጠው!" ብላ ጮኸች። "ባቡሩም ለእሁድ ነው" አልኳት። መብራቱን ቆርጬ ጣሪያው ውስጥ ለጠፍኩ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በወለሉ ሥር አሳለፍኩ፣ ከተበላሸ የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተር ጋር አገናኘሁት። ትምህርት ቤት ስለ ትላልቅ ትራንስፎርመር ነው የተማርኩት፤ ከተማ የሚያህል። ይቺ ምን አላት ብዬ ነው የጀመርኩት። አበራሁት።

ፋርማሲ ሆነ። ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ መርፌ የሚወጋበት ዓይነት። ደግሞ በመስኮት ብቻ መውጣት ሲገባው የፉርጎው ግድግዳ ፕላስቲክ ስለሆነ በግድግዳውም በጣሪያውም ወጣ። ባቡሩ እንዳለ እንደ ፋኖስ በራ።

"እሳት ነው እንዴ?" አለ አባዬ ከሶፋው ሳይነሳ።

ግድግዳውን ከውስጥ የሚሸፍን ብርማ ወረቀት አስፈለገኝ። ማስቲካ የሚጠቀለልበት ልክ ነው። ማስቲካ ገዛሁ። ወረቀቱን ብቻ ልወስድ ስል እማዬ "ተገዝቶ አይጣልም" አለች፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ አኘከ። አባዬ ሰው ሠራሽ ጥርሱን እየያዘ አኘከ። ማሂ ለናቲ እያኘከች ደወለችለትና "ምን ሆነሻል፣ ንቀሽኝ ነው?" ብሏት ተጣሉ፤ እኔ ነኝ ስልኩን ነጥቄ ያስታረቅኳቸው። ነጩን ብርሃን ደግሞ በቢጫ የከረሜላ ላስቲክ ጠቀለልኩት። ከረሜላውንም በላን።

ሐሙስ ከሰዓት መጋረጃውን ዘግተን አበራሁት። መስኮቶቹ ብቻ በሩ፤ ቢጫ፣ ሞቅ ያለ። አባዬ ማኘኩን አቆመ።

"ከአዋሽ ስንነሳ" አለ በመጨረሻ፣ "ሲመሻሽ፣ እንዲህ ነበር።"

ለአንድ ደቂቃ ክፍሉን ረሳሁት። አንድ ደቂቃ ነው፣ አታጋንኑት።

የቀረው ሰው ነው። ሱቅ ገብታችሁ "ከጣት አንጓ የማይበልጥ ሰው አላችሁ?" ብላችሁ መጠየቅ አትችሉም። በምን ልሥራ ስል እማዬ ምድጃ ልትለኩስ ክብሪት አወጣች። ክብሪት ራስ አለው! ከሥር ሲቆረጥ ቁመቱ ልክ ነው። ልብሱን በማሂ ጥፍር ቀለም ቀባሁት። ማሂ ያላት ቀይ፣ ሮዝና ወርቃማ ብቻ ስለሆነ ተሳፋሪው በሙሉ ሰርግ የሚሄድ መሰለ። እማዬ ለሴቶቹ ከነጭ ክር ነጠላ አደረገችላቸው፤ ለአንዷ "ይቺ ሐዘን ላይ ናት" ብላ ጥቁር አለበሰቻት። ማን እንደሞተባት ጠየቅኳት። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ባቡር ውስጥ መቼም አንድ አይጠፋም" አለች። አባዬ ደግሞ "ተቆጣጣሪ የሌለበት ባቡር አይነሳም" አለና አንድ ክብሪት በእስክሪብቶ ሰማያዊ ኮፍያ ተሣለለት። ያ እሱ ነው።

አሁን ወደ ስህተቱ መጣን።

እኔ የማውቀው ባቡር በመስኮታችን በኩል የሚያልፈውን የከተማውን ባቡር ነው። አባዬ እሱን ባቡር አይለውም፤ "ሽቦ የያዘ አውቶቡስ" ነው የሚለው። እኔ ግን ትምህርት ቤት የተመላለስኩት በሱ ነው፣ ከሜክሲኮ ስሳፈር ደግሞ ወንበር አግኝቼ አላውቅም። ለኔ ባቡር ማለት የሰው ብብት ነው። ስለዚህ ክብሪቶቹን ያለምንም ማሰብ በወንበሮቹ መሃል፣ ትከሻ ለትከሻ፣ አቁሜ አጣበቅኳቸው። አንዱን እንዲያውም ከስቴኪኒ ስባሪ እጅ ሠርቼ ላይኛውን ብረት አስጨበጥኩት። በጣም ኮርቼበት ነበር።

አባዬ መነጽሩን ሳያደርግ ከሶፋው ሆኖ በበራው መስኮት የተደረደረውን ራስ አየ። "ሞልቷል!" አለ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ስመረቅም እንዲህ አልሆነም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባዬ መብራቱ እንዲታይ ብሎ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃውን በሙሉ አዘግቶናል። መሪያቸው ጋሽ ወርቁ በሩ ላይ ቆም ብለው ጨለማውን አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ምነው… ሳንሰማ ቀርተን ነው እንዴ? ማን…?"

"ኧረ ደህና ነን!" አለች እማዬ። "ለባቡሩ ነው።"

"ለምኑ?"

ገቡ። ሽማግሌ ልጃችሁን ስጡን ብሎ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ይሄን መቼም ታውቃላችሁ። ባለቤት "ተቀመጡ" ይላል፣ እነሱ "ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም" ይላሉ። ስለዚህ ሦስቱም ሳሎኑ መሃል ቆሙ፤ ጋሽ ወርቁ ከፊት፣ ረጅሙ ጋሽ ታደሰ ከጎን፣ ሦስተኛው ሰውዬ ከኋላ። የሦስተኛውን ስም እስካሁን አላውቅም። ማሂ እንደ ደንቡ መኝታ ቤት ተደብቃለች። የኔ ቦታ ቡፌው ጎን፣ ማብሪያው ጋ ነው።

ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ንግግራቸውን አጥንተውት እንደመጡ ያስታውቃል። "እንግዲህ እኛ ዛሬ ወደዚህ የተከበረ ቤት የመጣነው…"

አባዬ ጠቀሰኝ። አበራሁት።

ጋሽ ወርቁ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ጋሽ ታደሰ ከሰልፉ ወጥተው ወደ ቡፌው መጡ።

"ሁለተኛ ማዕረግ" አሉ በሹክሹክታ።

"ነው!" አለ አባዬ። ደረቱ ተነፋ።

"መብራቱም ቁርጥ እሱን።"

"ልጄ ናት። ኢንጂነር ናት።"

ተሳክቷል አልኩ በልቤ። ጠረጴዛዬን የት እንደማስቀምጠው እያሰብኩ ነበር። ጋሽ ታደሰ ጎንበስ አሉ፤ አፍንጫቸው መስኮቱን ነካ።

"ወንበርም አለው።"

"አለው እንጂ!"

"ታዲያ ሰዎቹ ለምን ቆሙ?"

አባዬ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። አደረገ። ጎንበስ አለ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"ምንድን ነው ያደረግሽው?"

"አሳፈርኳቸው" አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ሊያስተካክሉ ፈለጉ፣ እግዜር ይስጣቸው። "ኧረ ልክ ናት ልጅቷ! እኔ ራሴ ስንቴ ቆሜ ሄጃለሁ።"

"በየትኛው ባቡር?" አለ አባዬ።

"በዚሁ ነዋ። በቁልቢ ሰሞን ከአዋሽ እስከ ድሬ በአንድ እግሬ ነበር የምቆመው፤ ሌላውን የማሳርፍበት የለም።"

"በኔ ባቡር ሰው ቆሞ ሄዶ አያውቅም።"

"ጌታዬ፣ እኔ ራሴ…"

"ወንበር ከሌለ ትኬት የለም። ትኬት ከሌለ መሳፈር የለም። ትኬት ነበርዎት?"

"የሠራተኛ መታወቂያ ነበረኝ።"

"ትኬት ነው የጠየቅኩት።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥተህም ትኬት?"

አንቱታው እዚያ ጋ ወረደ። ጋሽ ወርቁ "እስቲ ወደ መጣንበት ጉዳይ…" ሲሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ "ቆይ!" አሏቸው። ሦስተኛው ሰውዬ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ተዘዋወሩ። እማዬ ትሪ ይዛ ቆማ ቀርታለች። ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም፣ ባቡሩ ውስጥም እንደዚያው።

አባዬ ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረ። "ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን ሥራ ሳሎኔ መጥቶ የሚያጣጥል ቤተሰብ፣ ልጄን እንዴት አድርጎ ሊያኖራት ነው?"

መኝታ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ማሂ መሰለችኝ። ክፍሌ እግር አውጥቶ ሲሄድ ታየኝ።

"አስቀምጣቸዋለሁ!" አልኩ። "አሁኑኑ፣ ሁሉንም አስቀምጣቸዋለሁ!"

"ክብሪት ደግሞ እንዴት ይታጠፋል?" አለ አባዬ።

ጋሽ ታደሰ ተቆጥተዋል፣ ግን የጋራዥ ሰው ናቸው፤ አላስቻላቸውም። "ከወገብ በታች ቢቆረጥና ወንበሩ ላይ ቢጣበቅ፣ ከውጭ ማን ያያል?"

አባዬ አሰበ። "የኔን አትንኩት" አለ። "ተቆጣጣሪ አይቀመጥም።"

ጣሪያውን ፈለቀቅኩ። ለጋሽ ታደሰ ጥፍር መቁረጫና ሱፐር ግሉን ሰጠኋቸው። ሐዘን ላይ ያለችዋን ነቅለው፣ ቆርጠው፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጧት። አባዬ ከላይ ሆኖ "ወደ ቀኝ… ትንሽ… ሻንጣዋን የት ታድርግ?" ይላል። ወገባቸው ግን አላስጎነብስ አላቸው፤ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና። በዚህ መሃል እኔ በርጩማውን በእግሬ ገፍቼ ከኋላቸው አስጠጋሁላቸው። ሆን ብዬ ነው።

ጋሽ ታደሰ ሳያስቡት ዘፍ አሉ።

"ታደሰ!" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ምን?"

"ተቀመጥክ!"

ጋሽ ታደሰ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አሉ። ፉርጎውም አብሯቸው ብድግ አለ። አውራ ጣታቸው በሱፐር ግሉ የፉርጎው ግድግዳ ላይ ተጣብቋል። ሽቦዎቹ ተወጠሩ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፣ ሌሎቹ ፉርጎዎች ዳንቴሉን ይዘው ወደ ቡፌው ጫፍ ተንሸራተቱ።

"ተቀመጥ!" ብሎ ጮኸ አባዬ። "በእግዚአብሔር ተቀመጥ! ሁላችሁም አትንቀሳቀሱ!"

ጋሽ ታደሰ ተቀመጡ። ጋሽ ወርቁ አንድ አፍታ አሰቡና እሳቸውም ሶፋው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። ሦስተኛው ሰውዬ ይሄን ሲጠብቁ ነው የቆዩት፤ ከሁሉም ቀድመው ነው ትራስ የተደገፉት።

"እኔ እሱን ነው ያልኩት!" አለ አባዬ።

"እሱም ከኛ ጋር ነው የመጣው" አሉ ጋሽ ወርቁ። "የልጅቷ አባት በእግዚአብሔር ስም ለምኖ አስቀምጦናል። ሴትዮዋ ምስክር ናት።" እማዬ ከነትሪዋ ራሷን ነቀነቀች።

"አሴቶን ያስለቅቀዋል" አልኩ እኔ። ከዚያ አሰብኩና፣ "ፉርጎውን ግን ያቀልጠዋል።"

ሁሉም የተጣበቀውን ጣት አየ። ጋሽ ታደሰም አዩት፤ ከዚያ ፉርጎውን አዩ።

"ፉርጎውን አትንኩት" አሉ። "ጣት ቆዳ ነው፣ ይተካል።"

አባዬ ሰውዬውን አሁን ገና እንዳያቸው አያቸው። ሌላ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና ፉርጎው እንዳይከብዳቸው በሁለት እጁ ደገፈላቸው።

ማሂ ከመኝታ ቤት ወጣች። መታየት አልነበረባትም፣ ግን ለብ ያለ ውሃና ሳሙና በሳህን ይዛ መጥታ ተንበረከከች፤ ጣታቸውን በጥጥ ቀስ እያለች ታሸው ጀመር። "ጋሼ፣ አመመዎት?" ትላለች። ዓይኗ ቀልቷል። እስካሁን ስታለቅስ ነበር። በሩን ዘግታ። ክፍሉን ይህን ያህል የምፈልገው ለምን እንደሆነ የማሂን ፊት ሳይ ጠፋኝ፤ ናቲን እንዲሰጧት ብቻ ፈለግኩ። ይሄም አንድ ደቂቃ ነው።

"ልጁ" አለ አባዬ፣ ፉርጎውን እንደደገፈ፣ "የወንድምህ ልጅ፣ ባቡር ተሳፍሮ ያውቃል?"

"በልጅነቱ። እኔ ነኝ ጭኔ ላይ አድርጌ የወሰድኩት።"

"ጭንህ ላይ?"

"ጭኔ ላይ።"

"እንግዲያው ተቀምጠህ ነበር።"

ጋሽ ታደሰ ማሂን አዩ። ጣታቸውን አዩ።

"ያን ቀን" አሉ፣ "ተቀምጬ ነበር።"

"ይውሰዳት" አለ አባዬ።

እማዬ እልል አለች። ጋሽ ወርቁ ያጠኑትን ንግግር ሳይጨርሱት ነገሩ አለቀ፤ ቅሬታቸው እስካሁን አልወጣላቸውም ይባላል። ጣቱ የለቀቀው ምሳ ከተበላ በኋላ ነው፤ ጋሽ ታደሰ በግራ እጃቸው እንዳይበሉ አባዬ ነው ያጎረሳቸው።

ሰርጉ ቀን ተቆርጦለታል። ማሂ ልብስ መሰብሰብ ጀምራለች። እኔ ትናንት ለጠረጴዛዬ ቦታ ልለካ ክፍላችን ስገባ አባዬና ጋሽ ታደሰ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ግድግዳ ለግድግዳ ይለካሉ።

"ምንድን ነው?" አልኩ።

"ቡፌው አይበቃም" አለ አባዬ። "ታደሰ ሐዲድ የሚያስመጣ ሰው አግኝቷል። ማሂ ስትወጣ እዚህ እንዘረጋዋለን። ለገሀር በሩ ጋ፣ አዋሽ መስኮቱ ሥር።"

"እኔስ?"

ሁለቱም ለካ አስበውበታል። "ያንቺን አልጋ ወደ ጥግ እናስጠጋዋለን" አለ አባዬ። "ድሬዳዋ ከሥሩ ይገባል።"

በሩ ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ።

"ጋሽ ታደሰ" አልኩ፣ "ናቲ ወንድም አለው?"

ከሜትሩ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። "አለው። እሱማ ባቡር ሲወድ!"